የልጄን አማት በቁሟ አለቀስኩላት

ልጅ የሌላውን ሕዝብ ባህል ትምህርት ቤት ተማረ ሲባል ደስ የሚለው ሰው አያት ያልሆነ ሰው ነው። ልጁ ይማራል፤ ፍዳውን የምታየው አያቱ ናት። እንዴት ብትሉኝ... ተቀመጡና ስሙ።

የልጅ ልጄ ሊያ አምና ኦክላንድ ውስጥ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። አስተማሪዋ ወላጆቿ ከሜክሲኮ የመጡ ትጉህ ወጣት ናት። ከመስከረም ጀምራ የሂስፓኒክን ቅርስ ስታስተምር፣ ቤታችን ውስጥ ያልተዘፈነ ዘፈን፣ ያልተቆረጠ ባለቀለም ወረቀት አልቀረም። እኔም «አቡዌላ» ሆንኩ። «አያቴ በይኝ» ብዬ ዓመታት የለመንኳት ልጅ፣ በስፓኒሽ ሲሆን በሳምንት ጠራችኝ። እሱንም ዋጥኩት።

በጥቅምት ማለቂያ ግን መጣችና፣

«ግራንድማ፣ አይ ኒድ ኤ ፎቶ» አለችኝ።

«የምን ፎቶ?»

«የግራንድማ። ፎር ስኩል። ሻማ፣ አበባ እናደርጋለን፣ ቢኮዝ...»

«በቃ፣ ገባኝ።»

ፎቶ፣ ሻማ፣ የማላውቀው ሰው እጅ። እኔ መተት አልፈራም፤ ግን ለመተት ፎቶ አላቀብልም። ደግሞስ የልጅቷ አያቶች ሁለት አይደለን? ሁለተኛዋ የልጄ አማት፣ የሳን ሆዜዋ ወይዘሮ በላይነሽ ናት። («እሳቸው» እንድትባል ትወዳለች። ጋዜጣው ላይ የምጽፈው ግን እኔ ነኝ።)

በልጆቻችን ሰርግ ቀን ፎቶ ስንነሳ ከፊቴ መጥታ ተገተረች። እዚያ ፎቶ ላይ ከኔ የሚታየው አንድ ጆሮ ብቻ ነው። የኔ መሆኑም የሚታወቀው በጉትቻው ነው። ብናገራት፣ «አጭር መሆንሽን እኔ ምን ላድርገው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም። እኔም ቀድሜ ከማናግራት ዲዳ ብሆን ይሻለኛል ብዬ ማልኩ። ይህችን መሐላ ያዙልኝ።

ያንን ፎቶ አወጣሁ፣ ጆሮዬን በመቀስ ቆርጬ አስቀረሁ፣ የተረፈውን በፖስታ አሽጌ ለሊያ ሰጠኋት።

አስተማሪዋ ለካ የምታስተምረው ሜክሲኮዎች ሙታናቸውን የሚያስቡበትን በዓል ኖሯል። ዓርብ ልጆቹ ሲወጡ ፖስታዎቹን ከፍታ ፎቶዎቹን ደረደረች። ልጇ ከሊያ ጋር የሚማረው ጎረቤቴ ትርሲት፣ ልጇን ልትወስድ ስትገባ በላይነሽን አየቻት፤ በሻማ ተከባ፣ በብርቱካንማ አበባ ተጥለቅልቃ፣ ከፊቷ ዳቦና ከስኳር የተሠራ ራስ ቅል ተቀምጦላት። አስተማሪዋን ብትጠይቅ ምላሷ አይቆረጥም ነበር። ግን የኛ ሰው መርዶ አይጠይቅም፤ መርዶ ይገባዋል።

ቅዳሜ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ትርሲትና የሠፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል።

«እትዬ፣ እንግዲህ ቂሙ ይብቃ። ወይዘሮ በላይነሽ አርፈዋል።»

«ማን ነገረሽ?»

«ኧረ ይሄ ይጠየቃል? ይልበሱ። ልጃቸው፣ አማችዎ፣ ይተኛ፤ ኋላ በወግ እናረዳዋለን።»

ለምን ስልክ ደውላችሁ አላጣራችሁም የምትሉ አትጠፉም። መርዶን በስልክ የሚያጣራ ምን ዓይነት አስተዳደግ ያለው ሰው ነው?

በትርሲት ባል ቫን ተጭነን በ880 አውራ ጎዳና ወደ ሳን ሆዜ ስንወርድ ምክር ተጀመረ።

«የቅርብ ዘመድ እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ይጀምሩ።»

«እኔ ከሷ ጋር አልነጋገርም።»

«እትዬ፣ እሳቸው መች ይመልሳሉ?»

እውነትም ከሞተ ሰው ጋር መሐላ የለም። ደግሞ የልጄን አማት ሳላለቅስ ብቀር፣ እነዚሁ ሴቶች እስከ ሪችመንድ ያወሩብኛል። ከበሯ ስንደርስ ደረቴን እየመታሁ ለቀቅኩት፦ «እህቴን... ደጓን፣ እጀ ለጋሷን፣ ቁመተ ሎጋዋን... እንግዲህ ከፊቴ ማን ይቁምልኝ...»

በሩ ተከፈተ። በላይነሽ ፀጉሯን በቢጎዲን ጠቅልላ፣ የቤት ጫማ አድርጋ ቆማለች። አንዷ ሴት ወደ ቫኑ ሮጠች። ትርሲት አማተበች።

«ቀጥዪ እንጂ» አለችኝ በላይነሽ። «ከቁመተ ሎጋ ቀጥሎ ምን ነበር?»

ያዘቀዘቅኩትን ነጠላዬን ማስተካከል ጀመርኩ።

«ለመሆኑ ማን ነው የገደለኝ?»

ትርሲት የሻማውንም፣ የራስ ቅሉንም ነገረቻት። በላይነሽ ጥቂት አሰበች።

«ፎቶው የሰርግ ነው? ጥግ ላይ አንድ ጆሮ አለበት?»

«የለበትም፤ ጥጉ በመቀስ ተቆርጧል» አለች ትርሲት። ይህችን ሴት ስትወልድ ሰባት ቀን ሙሉ አርሻታለሁ። ይህን ታነባለች፤ ታንብበው።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

ሰኞ በላይነሽ ራሷ ትምህርት ቤት ሄደች። ምስኪኗ አስተማሪ ይቅርታ ስትለምን ላብ አጠመቃት። በላይነሽ ግን መታሰቢያዋን ረጋ ብላ ዞራ አየችና፣ «አበባው መልካም ነው። ዳቦው ደርቋል» ብላ ወጣች። ከዚያ ወዲህ በየሰርጉ፣ በየክርስትናው የምታወራው አንድ ነገር ነው፦ «ቀድማ የተናገረችው እሷ ናት። ያውም በዜማ።»

እነሆ ጥቅምት ተመልሶ መጣ። ዘንድሮ በዓሉ በትምህርት ቤቱ ኮሪደር ይደረጋል ተብሏል። ሊያ በአምናው ጉድ ስድብ ስለጠገበች ፊቴ ቆማ አስረዳችኝ።

«ግራንድማ፣ ኦንሊ ዴድ ፒፕል። የሞተ ሰው ብቻ። ኦኬ?»

«ኦኬ፣ የኔ ልጅ» አልኳትና ፖስታውን አሽጌ ሰጠኋት። ውስጡ ያለው የኔ ፎቶ ነው፤ ብቻዬን የተነሳሁት፣ ሁለቱም ጆሮዬ ያለበት።

ለቅሶ ብድር ነው ይባል የለ? ትርሲት ዓርብ ልጇን ልትወስድ ትገባለች። ይህ ጋዜጣ የሚወጣው ሰኞ ነው፤ አስቤበታለሁ። ቅዳሜ ማለዳ ፀጉሬን ተሠርቼ፣ ከበሩ ጀርባ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ። በላይነሽ በምን እንደምትጀምር ለመስማት ቸኩያለሁ።

«አጭሯን» ብላ ከጀመረች ግን አልከፍትላትም።