የፒንግ ሹሙ ኦቦ ገርባ

አንድ የኢንተርኔት መስመር ለስድስት ቤት በሚከፋፈልበት ግቢ ሁሉ አንድ ኦቦ ገርባ አይጠፋም። ቡራዩ ላለው ለእነትጊ ግቢ የደረሱት ግን ዋናው ራሳቸው ናቸው።

ክቡር ኦቦ ገርባ ጡረታ ከወጡ ወዲህ በየሰዓቱ ፒንግ ይለካሉ። ፒንግ ማለት፣ ለጠየቃቸውም ላልጠየቃቸውም እንደሚያስረዱት፣ ከስልክ የተላከ ነገር ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጅበት፣ በሺህኛ ሰከንድ የሚቆጠር ጊዜ ነው። ውጤቱን በስኩዌር ደብተር ያሰፍራሉ። አሥራ አንድ ወር ሙሉ፣ ከጠዋት አንድ ሰዓት እስከ ማታ ሦስት፣ አንዲት ሰዓት አላመለጠቻቸውም። ለቅሶ ሲሄዱ እንኳ በባለቤታቸው በድንቅቱ ያስለካሉ።

ሰላምታቸውም ያው ነው። "አካም ቡልተ ትጊ? ዛሬ ሠላሳ አምስት ነው!" ትጊ ሠላሳ አምስቱ የሙቀት ይሁን የሌላ ነገር ለማወቅ ሁለት ወር ፈጅቶባታል። ኢንተርኔቱ ፈጣን ነው ያለማ አለቀለት። "ፍጥነት አትበሉኝ! መዘግየቱን ንገሩኝ!"

ትጊ በእሳቸው መሳቋን የተወችው ሥራ ካመለጣት በኋላ ነው። ከቤት ሆኖ ለሚሠራ የደንበኞች አገልግሎት በቪዲዮ ስትፈተን ድምጿ ተቆራረጠና "ይቅርታ፣ አይሰማም" ተባለች። ሁለተኛውና የመጨረሻው ዕድል ረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው። ወደደችም ጠላችም ኦቦ ገርባ ደጃፍ ሄደች።

"ኦቦ ገርባ፣ ፍጥነቱ ሲለካ ሃያ ሜጋ ይላል። ታዲያ ለምን ይቆራረጣል?"

"አዲስ አበባ በታክሲ ስትሄጂ መንገዱ ስንት ይፈጅብሻል?"

"ግማሽ ሰዓት።"

"ወረፋውስ?"

"እሱማ እንደ ቀኑ ነው።"

"ኤዬ! መንገዱ ያው ነው፤ የሚለዋወጠው ወረፋው ነው። ማቲ ቪዲዮ መላክ ሲጀምር ያንቺ ድምፅ ከኋላው ይሰለፋል።" ደብተሩን ገለጡላት። የጥግ ቤቱ ማቲ ከሥራ በሚገባበት ሰዓት ሁሉ ሠላሳ አምስቱ ዘጠኝ መቶ ይሆናል።

ረቡዕ፣ ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን፣ ኦቦ ገርባ ሰማያዊ ሳፋ ይዘው ቤት ለቤት ዞሩ። "የትጊ ፈተና ነው፤ ስልክ አጥፍታችሁ ወዲህ በሉ!" የዕረፍት ቀኑ የነበረው ማቲ እያጉረመረመ ሰጠ። ሳፋውን ደጃፏ ላይ አኑረው፣ ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዱካ ላይ ተቀመጡ።

ትጊ አርባ ደቂቃ አወራች። አንዴም "አይሰማም" አልተባለችም። በመጨረሻ "ሰኞ ጀምሪ" አሏት።

እየሮጠች ስትወጣ ኦቦ ገርባ ስልክ እየመለሱ ነበር፤ ደብተሩ ዱካው ላይ ቀርቷል። ፒንጉ ስንት እንደነበር ለማየት ገለጠችው። ሦስት ሰዓት፣ ሠላሳ ስድስት። አራት ሰዓት፣ ባዶ።

"ኦቦ ገርባ፣ አራት ሰዓት ላይ አልለኩም እንዴ?"

"የኔስ ስልክ ቢሆን ወረፋ አይይዝም?" አሉ፣ ከሳፋው ውስጥ የራሳቸውን እያወጡ።

ትጊ እንባዋ መጣ። እኚህን ነዝናዛ ሽማግሌ ምን ያህል እንደምትወዳቸው ያን ጊዜ ነው የገባት። እስክሪብቶውን አነሳችና በባዶዋ ሣጥን ውስጥ "ተሰማ" ብላ ጻፈች።

ኦቦ ገርባ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። "ይሄ ቁጥር አይደለም" አሉ። ግን አልሰረዙትም።