በዓሣ ጫጩት የቀናሁ ሰሞን

ሰው በባለመኪና ይቀናል፣ በባለቪላ ይቀናል፤ ይህ ወግ ያለው ቅናት ነው። እኔ ግን ከሽፋሽፍት በማትወፍር የዓሣ ጫጩት ቀንቻለሁ። አትሳቁ፤ መጀመሪያ ስሙኝ።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባጃጅ እነዳለሁ። አንማው እስከ ስምንተኛ ክፍል አንድ ዴስክ የተጋራን ልጅ ነው። እኔ ከስምንተኛ ወደ መናኸሪያ ስሻገር እሱ ወደ ላይ ቀጠለና ዛሬ በዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ነጭ ጋዋን ለብሶ ለዓሣ ጫጩት መድኃኒት ያጠጣል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስለተጨመረበት ጫጩቶቹን ይፈጃቸዋል፤ ስለዚህ ከምንጭ በጀሪካን የማመላልስለት እኔ ነኝ። እውነቱን ልናገርና፣ የማመላልሰው ለአንማው ብዬ አይደለም። እዚያ ክፍል ውስጥ ጫጩቶቹን የምትንከባከብ የሺ የምትባል ልጅ አለች። ላገባት ወስኛለሁ፤ ያልሰማችው እሷ ብቻ ናት።

ሙከራው እንዲህ ነው። ጫጩቶቹ ባሉበት የብርጭቆ ሳህን ዙሪያ ጥቁርና ነጭ መስመር የተሠመረበት ወረቀት ይሽከረከራል። ደህናዋ ጫጩት መስመሩን ተከትላ ትዋኛለች፤ መድኃኒቱ የያዛት ፈዛ ትቀራለች። እኔም ቆሜ አየሁ፤ ጫጩቶቹን ሳይሆን የሺን። አንማው ወደ መስኮቱ ሲሄድ ዐይኗ ወደ መስኮቱ፣ ወደ በሩ ሲመለስ ዐይኗ ወደ በሩ። እኔ ሁለት ጀሪካን አንጠልጥዬ ፊቷ ስገተር ግን መድኃኒቱን የጠጣችው እሷ ትመስላለች።

አንድ ቀን አንማው የሚከተሉትንና የሚፈዙትን የሚመዘግብ ቆጣሪ ፈለገ። የትኛው ሳህን መድኃኒት እንዳለበት የማያውቅ ሰው መሆን አለበት አለ፤ የሚያውቅ ሰው የሚያየው የተመኘውን ነውና።

«ለዚህ ከአንተ የተሻለ የለም፤ ምንም አታውቅማ» አለኝ።

የሺ ሳቀች። ያበላሸኝ ያ ሳቅ ነው። የመመዝገቢያውን ወረቀት ተቀብዬ ተቀመጥኩና፣ ጫጩቶቹ እንደ ሠርገኛ ተከታትለው ሲዞሩ በዐይኔ እያየሁ፣ በየሳህኑ ፊት «አልተከተለችም» እያልኩ ሞላሁት። ሥራው ይክሸፍ፣ ጋዋኑን ይስቀል፣ እሷም ዐይኗን ከእሱ ላይ ታንሳ ብዬ ነው።

በማግስቱ አንማው ወረቀቱን ይዞ ራሱን ሲያክ አገኘሁት። መድኃኒት ያልነካቸውም ጭምር ፈዘዋል። መድኃኒቱን ሲበጠብጥ የተሳሳተው እሱ ራሱ እንደሆነ ደመደመ፤ እኔን አልጠረጠረም። ምንም አታውቅም ብሎኝ የለ? ስለዚህ ሁሉም ነገር ከእንቁላሉ ጀምሮ ሊደገም ሆነ፤ የሺም እስከ ፋሲካ፣ ቅዳሜና እሑድ ሳይቀር፣ ከጎኑ ልትውል።

«ለአዲሶቹ ብዙ ውሃ ያስፈልገናል፤ አደራ ወንድሜ» አለችኝ፣ እሱን እያየች።

ይኸው አመላልሳለሁ። በሄደችበት ሁሉ አንገቴ ሲዞር ያየ ቆጣሪ፣ መድኃኒት ያልነካው ብሎ ይመዘግበኛል። የቀናሁትም መድኃኒቱ ይዟት መከተል በተወችው ጫጩት ነው።