ስለማትናገረው ልጅ የጻፍኩት ደብዳቤ

ጓዶች፣ ዛሬ የሰባት ዓመት ልጅ እያስተረጎመችልኝ ራሴን በራሴ ከሰስኩ። 

ዲላ ውስጥ አንድ የግል ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ክፍሌ ውስጥ ጸጋ የምትባል ልጅ አለች። ከገጠር፣ ከኢዲዶ መጥታ አክስቷ ጋ ነው የምትኖረው። ከመስከረም ጀምሮ አንዲት ቃል ተንፍሳ አታውቅም። ብጠይቃት ዝም። ባባብላት ዝም። ከረሜላ ብሰጣት፣ ከረሜላዋን ትበላና ዝም!

ታዲያ ለዳይሬክተሩ ደብዳቤ ጻፍኩ። «ተማሪዋ ስለማትናገር ወደ ኬጂ ትመለስ።» ደግሞ በቆንጆ የእጅ ጽሑፍ!

ዛሬ እናቷ ተጠርታ ቡና ለቀማዋን ጥላ መጣች። እሷ አማርኛ አትችልም። እኔ የአገሬውን ቋንቋ፣ ጌዴኡፋን፣ አልችልም። ሁሌ የሚያስተረጉምልን ጥበቃ ለቅሶ ሄዷል።

ፈገግ ብለን ተፋጠጥን።

«ቲቸር፣ እኔ ልንገራት?»

ጸጋ ናት! በአማርኛ!

ደንግጬ፣ «ክፍል ውስጥ ስለማትናገሪ ወደ ኬጂ እንድትመለሺ ጽፌያለሁ በያት» አልኳት። ምስኪን፣ ሁሉንም ነገረቻት።

«እናቴ ይላል፣ ቤት ውስጥ አፍሽ አይዘጋም። ኬጂ ከመለሱሽ ግን ኢዲዶ እወስድሻለሁ፣ ትምህርት ይቅር ይላል።» 

«‘ትላለች’ በይ» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

«ታዲያ ክፍል ውስጥ ለምን ዝም ትያለሽ?»

«አማርኛ ስሳሳት ይስቃሉ። በኛ ቋንቋ ካወራን ደግሞ አለቃው ስማችንን ይጽፋል።»

የክፍል አለቃውን፣ ከረባሾች ጋር ሰሌዳ ላይ ጻፋቸው ያለው ማነው? እኔው ነኛ!

እናትየው አንድ ነገር ጠየቀች። «ቲቸር ከየት አገር ነው የመጣችው ይላል።»

«እዚሁ ዲላ ነው የተወለድኩት።»

እናትየው ከልቧ አዘነችልኝ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። «አይዞሽ ይላል። ቋንቋውን ቀስ በቀስ ትለምጃለሽ ይላል።»

እዚህ ስኖር ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው እኮ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ዳይሬክተሩ ጋ ሮጥኩ። ደብዳቤውን ይመልሱልኝ ብል፣ «ምክንያትሽን ጽፈሽ ጠዋት አምጪ፤ አለዚያ እፈርምበታለሁ» አሉኝ። እናትየው ውሳኔውን ልትሰማ አክስትየው ቤት ታድራለች። የጸጋን ልብስ ይዛ ትሂድ፣ ወይስ ትታ?

እስካሁን የጻፍኩት ቀኑን ብቻ ነው። 

እስቲ እናንተ ንገሩኝ፤ «ጥፋቱ የኔ ነው» በአማርኛ እንዴት ነው የሚጻፈው?