ጥቁሩ ንብ የተቃጠለበት ዓመት

በጃንሆይ ዘመን ቁይ ከተማ አጠገብ በጥቁሩ ንብ ላይ የተፈጸመው ግፍ ሳይነገር አይቅር። ቀፎ ያለው ሰው አበባን ሁሉ ርስቴ ይላል፤ እናንተስ እንዲህ ያለ ጎረቤት የላችሁም? የእኛው አያ ታከለ፣ «ይኼ ሌባ የንቦቼን ቀለብ ይቀማል!» ብሎ ጥቁሩ ንብ ቦርቡሮ የሚኖርበትን የአጥሬን ግንድ አቃጠለው። ሌባ የተባለው ግን የእምቧይ አበባ አቅፎ ክንፉን እያርገበገበ፣ ፍሬ እንዲይዝ ዱቄቱን የሚያራግፍለት ሠራተኛ ነበር። የታከለ ንቦች ይህን አይችሉበትም። በዚያ ዓመት እምቧዩ አበበ እንጂ አላፈራም። እኛ ቆዳ የምናለፋው በፍሬው ነበርና ቤቴ ጦሙን አደረ። ጭቃ ሹሙ ዘንድ ከሰስሁ። እሱም ታከለ የወሰደለትን ማር እየላሰ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ጥቁሩ ንብ ለእኔ ምን አምጥቶልኝ ያውቃል?» አለኝ።