ዝርር የምትል ቤዝ ጊታር እንዴት ትሸጣለች?

እስቲ ልጠይቃችሁ። ሰርግ ላይ ባንድ ሲጫወት ቤዝ ጊታር የያዘውን ሰውዬ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ዘፋኙን አይታችኋል። ሳክስፎን የሚነፋውንም አይታችኋል። ኪቦርድ ላይ ያጎነበሰውም አያመልጣችሁም። ከድራሙ አጠገብ፣ ታክሲ የሚጠብቅ መስሎ የቆመውን ግን አላያችሁትም። እሱ እኔ ነኝ። ታምራት እባላለሁ። ወሎ ሰፈር ካለ አንድ ሆቴል ባንድ ጋር ሃያ ዓመት ተጫውቻለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን "ዛሬ ቤዙ እንዴት ያምር ነበር!" ያለኝ ሰው አንድ ብቻ ነው። እሱም ስፒከሩን ያከራየን ሰውዬ ነው።

አማቴ መጀመሪያ ያዩኝ ቀን ጊታሬን ትክ ብለው አዩና፣ ሌሎቹ ሁለት ክሮች ተበጥሰውበት ነው ወይ ብለው ባለቤቴን በሹክሹክታ ጠየቋት። ሲፈጠርም አራት ክር ብቻ እንዳለው ነገረቻቸው። "አይዞሽ፣ ቀስ እያለ ያሟላል" አሏት። ይኸው እስከ ዛሬ እያሟላሁ ነው።

ግን አትዘኑልኝ። ቤዝ እንደ ጨው ነው። ወጥ ሲጣፍጥ ጨውን የሚያመሰግን የለም፤ የጎደለ ቀን ግን ሁሉም ፊቱን ያጨማድዳል።

ለዘፋኝ አድናቂ ይደውልለታል። ለእኔ የሚደውልልኝ ያገለገለ ቤዝ ሊገዛ ያሰበ ሰው ነው። ምን ልይ ይለኛል። መጀመሪያ ሻጩን እይ እለዋለሁ። እኛ አገር ያገለገለ ዕቃ ሁሉ የሚሸጠው በመኪና ቋንቋ ነው። ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር ቤትም መኪናም የሚያሻሽጥ አንድ ደላላ ቤዝ አመጣልኝና፣ የያዘቻት ሴት ናት አለኝ። ከቤት ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ቤት ብቻ ነው የሄደችው አለኝ። ግጭት የላትም ሲለኝማ ሊብሬዋን አሳየኝ ልለው ምንም አልቀረኝ።

ስለዚህ ቀለም አትዩ። ጣውላ እንደሚገዛ አናጢ አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አንገቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ እዩት፤ ተጣሞ ከሆነ ይታያል። የድምፅ ቁልፎቹን አዟዙሩ፤ ከተንኮሻኮሹ ውስጣቸው አቧራ በልቷል። የራሳችሁን ገመድ ይዛችሁ ሂዱ። ከሁሉ በላይ ደግሞ እያንዳንዷን ድምፅ ራሳችሁ ነክታችሁ ስሙ። ሻጩ "ቆይ እኔ ልጫወትላችሁ" ካለ ተጠራጠሩ። ሻጭ የሚጫወተው የሚያምርለትን ብቻ ነው።

ከተበላሸ ደግሞ አትደንግጡ። አንድ ወዳጄ ሲኤምሲ ሰርግ እየተጫወተ ቤዙ ዝም አለበትና ደወለልኝ። "ሞተ" አለኝ፤ ድምፁ የመርዶ ነው የሚመስለው። ቅርብ ስለነበርኩ ሄድኩ። ስደርስ ገመድ ቀይረዋል፣ አምፕሊፋየር ቀይረዋል፣ ሶኬት ቀይረዋል፣ ኤሌክትሪሺያን አስጠርተዋል። እኔ ቤዙን ገለበጥኩና ከጀርባው ያለችውን ትንሽ ክዳን ከፈትኩ። ውስጧ ባትሪ ድንጋይ አለች። አንዳንዱ ቤዝ በባትሪ ነው የሚሠራው፤ ገመዱ ተሰክቶበት ካደረ ደግሞ ባትሪውን ሲበላው ያድራል። ትርፍ ባትሪ የያዘ ጠፋ። ቸኩዬ ከመድረክ መሪው ማይክ አወጣሁና ከተትኩለት። ቤዙ ነፍስ ዘራ፣ መድረክ መሪው ዝም አለ። ሙሽራው እስካሁን ባገኘኝ ቁጥር ያመሰግነኛል።

እንዲህ ለሰው ምክር ሞልቶኛል። "የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች" የተባለው ግን ለእኔ ነው።

ያችን ደላላው ያመጣትን ቤዝ ገዛኋት። ደላላው ቢዋሽም ዕቃዋ አልዋሸችም። ቡናማ ናት፤ ክንድ የሚያርፍበት ቦታ ቀለሟ ለቋል። ድምፅዋ ሆድ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ወደድኳት፣ ምን ልበላችሁ። ከሥራ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ነበር የማነሳት።

ከዕለታት አንድ ቀን ከሰዓት ቤቴ ቁጭ ብዬ ስጫወት ዝርር አለች። ደነገጥኩ። ደግሜ ነካሁ። ዝርር! ወፍራሙ ክር ላይ ያለችው፣ ጂ የምትባለው ድምፅ ናት። ሌሎቹ ሁሉ ጤነኛ፣ እሷ ብቻ ስትነካ አንድ ነገር ይንዘረዘራል። ሰውን ሁሉ "አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይር፤ ያለዚያ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አታውቅም" እያልኩ ስመክር የኖርኩት ሰውዬ፣ ክሩንም ገመዱንም በአንድ ቀን ቀየርኩ። ያገኘሁትን ብሎን ሁሉ አጠበቅሁ። ዝርር።

ወሎ ሰፈር ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን አንድ ሙያተኛ አለ፤ እሱ ጋ ወሰድኳት። ሰክቶ ነካት። ጥርት! እኔም ነካኋት። ጥርት! ሐኪም ፊት ሲቀርብ ሕመሙ የሚጠፋበት በሽተኛ አይታችሁ የለ? አፍሬ ይዣት ተመለስኩ። ቤት ገባን፣ ሰካኋት፣ ዝርር። ሆቴል ይዣት ብሄድም በድራሙና በሰዉ ጫጫታ መሀል ማን ይለያታል? ባለቤቴ አንድ ቀን በር ላይ ቆማ ስታየኝ ቆየችና፣ እኔ ታምሜ እንዲህ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ ወይ አለችኝ።

ይባስ ብሎ ባንዳችን ስቱዲዮ ሊገባ ሆነ። ስቱዲዮ ውስጥ የዝንብ ክንፍ እንኳ ይሰማል። ጤነኛ ቤዝ ያስፈልገኛል፤ ለዚያ ደግሞ ይችኛዋ መሸጥ አለባት። ማስታወቂያውን ስጽፍ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር። ሳቁብኝ፣ ግድ የለም።

የደወለው ናሆም የሚባል ወጣት ነው። ሩዋንዳ አካባቢ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ፣ ቤዝ መማር የጀመረ። ቅዳሜ ጠዋት ቤቴ መጣ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ጫማዬን ላውልቅ ወይ ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ቤዟን አገላብጦ አየና፣

"ጋሼ፣ ኖይዝ ምናምን አላት እንዴ?" አለኝ።

"ኖይዝ?" አልኩ፣ ቃሉን ያን ቀን የሰማሁት ይመስል። "ቆይ እኔ ልጫወትልህ።"

አዎ፣ እኔው ነኝ ያልኩት። ትዝታን ዲ ከምትባለው ድምፅ ጀመርኩለት። ለማያውቅ ልንገራችሁ፤ ትዝታ አምስት ድምፅ ነው ያለው፤ ከዲ ከተጀመረ ጂ መንገዱ ላይ አትገኝም። ለዚህ ብልሃት ሁለት ቀን ተለማምጃለሁ። ናሆም ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ይነቀንቃል። "በጣም ክሊን ናት!" ይላል። እኔ ደግሞ በእሷ ስጫወት የመጨረሻዬ መሆኑ ትዝ እያለኝ፣ ከልቤ ተጫወትኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አሳምሬ መጫወቴን እንጃ።

"በቃ ጋሼ፣ ወስጃታለሁ" አለና እጁን ዘረጋ። ተጨባበጥን። እጄን እንደያዘ በሩ ተንኳኳ።

እትዬ ዘሐራ ናቸው። ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤቴ፤ የወሎ ሰው ናቸው፣ ጨርቅ ይነግዳሉ። ሻርፓቸውን እያስተካከሉ ገቡና ፊቴን አተኩረው አዩት።

"ታምሬ፣ ደህና ነህ? አሞሃል እንዴ?"

"ኧረ ደህና ነኝ እትዬ ዘሐራ። ምነው?"

"ዛሬ ያቺን ለምን ተውካት ብዬ ነው።"

"የቷን?"

"ያቺን ወፍራሟን! ብርጭቆዎቼን የምታስጨፍራቸውን። ቡፌው ከገባ ወዲህ አንተ ስትነካት እነሱም ዝርር ይላሉ። እኔም ታምሬ ከሥራ ገባ እላለሁ። ዛሬ ስትጫወት እየሰማሁ እነሱ ዝም ሲሉብኝ ጊዜ፣ ምን ሆነ ብዬ ልቤ አልቆም አለኝ።"

ግድግዳውን አየሁ። አምፕሊፋየሬ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆሟል። ከግድግዳው ማዶ እትዬ ዘሐራ በቅርቡ ያስገቡት ቡፌ አለ፤ ውስጡ ለእንግዳ የተቀመጡ፣ እንግዳም መጥቶ የማይወጡ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። ያን ቡፌ በደረጃ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ያወጣው ማን ይመስላችኋል? የታችኛውን ጥግ የያዝኩት እኔ ነኝ። ወገቤ እስካሁን ያመኛል። ክር የቀየርኩት፣ ብሎን ያጠበቅሁት፣ ወሎ ሰፈር ድረስ የተመላለስኩት ለሰው ቤት ብርጭቆ ነው!

ቤዜ ጤነኛ ናት! እትዬ ዘሐራን አቅፌ ልስማቸው ፈለግሁ። ግን አንድ እጄ አልለቅ አለኝ። ለካ ናሆም እንደያዘኝ ነው።

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። እጅ ተጨባብጠናል። ሃያ ዓመት የሻጭን ነውር ስሰብክ የኖርኩ ሰው፣ አልሸጥም ብዬ ቃሌን ልጠፍ? አይሆንም። ጤነኛ መሆኗን ባወቅሁ በደቂቃው ይዟት ሊሄድ ነው።

"ጋሼ" አለ ናሆም፣ ቀስ ብሎ እጄን እየለቀቀ፣ "የቷን ድምፅ ነው የዘለሏት?"

ከዚህ በላይ መዋሸት አቃተኝ። ነካሁለት። ዝርር!

"ኖይዝ አላት እኮ!"

"የእሷ አይደለም" አልኩት። "የጎረቤት ቡፌ ነው።"

ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ቀፈፈኝ። እትዬ ዘሐራ ሊያግዙኝ ብለው "ወላሂ የኔ ብርጭቆ ነው! ና ግባና እይ" አሉት። ልጁ እሳቸውንም እኔንም አየን።

"ዘመድዎ ናቸው?" አለኝ።

"ጎረቤቴ ናቸው። እግዚአብሔርን ነው የምልህ፣ ቤዟ ምንም የላትም።"

በማልኩ ቁጥር ፊቱ እየጠቆረ ሄደ። "ጋሼ፣ ብዙ ሻጭ አይቻለሁ" አለ። "በመብራት ያሳበበ አለ፣ በስፒከር ያሳበበ አለ። በቡፌ ያሳበበ ግን የመጀመሪያዬ እርስዎ ነዎት።"

አሁን እውነቱን ልንገራችሁ። አምፕሊፋየሩን አንድ ክንድ ያህል ከግድግዳው ባርቀው ዝርሩ ጠፍቶ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እግሬ አጠገቡ ነው ያለው። ብገፋው ይሄዳል፤ ጎማ አለው። እግሬ ግን የሌላ ሰው ይመስል አልታዘዝ አለኝ። ማስረጃ አምጣ ደግሞ አላለኝም፤ ያላለኝን ለምን አመጣለሁ? ናሆም ጫማውን አጠለቀና ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወረደ።

እትዬ ዘሐራ ነጋዴ ናቸውና ክፉኛ አዘኑ። ገበያህን ዘጋሁብህ፣ ሮጬ ልጥራልህ ወይ አሉኝ። ኧረ በአላህ ይተዉት አልኳቸው። ቤዜን እንዴት አድርጌ ደረቴ ላይ ጥብቅ አድርጌ እንደያዝኳት ሲያዩ፣ ነገሩ ሳይገባቸው አልቀረም መሰለኝ፣ እየሳቁ ወጡ።

እንግዲህ ስለ ሽያጭ ያለኝ ምክር ይኸው ነው፦ ልትሸጡት የማትፈልጉት ዕቃ ላይ ገዥ ከመጣባችሁ በጭራሽ እንዳትዋሹ። እውነቱን ንገሩት፤ ራሱ ይሄዳል።