ግማሽ ሲደመር ሩብ

ልጁን ትምህርት ቤት ለሚያስገባ ሰው የማይነገረው አንድ ነገር አለ፤ እሱም አብሮ እንደሚመዘገብ። ደብተሩ የልጅ ነው፣ ሆድ ቁርጠቱ ግን የወላጅ። አራተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩት እኔ፣ ይኸው ጅቡቲ መጥቼ፣ ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር እንደገና ተማሪ ሆኛለሁ። ያውም ፈተና እንጂ እረፍት የሌላት ተማሪ።

መደመርን አልጠላም። መደመር የሰው ወዳጅ ነው፤ ጣት እስካላችሁ ድረስ አያሳፍራችሁም፣ የእጁ ቢያልቅ የእግሩ አለ። ክፍልፋይ ግን ሌላ ጉድ ነው። አንዱ ቁጥር ሌላው አናት ላይ ወጥቶ ይቀመጣል፤ የታችኛው በተለቀ መጠን ነገሩ ያንሳል። ከዚያ ደግሞ «አቅልሉት» ይሏችኋል። እኔ ገና መች ተሸከምኩትና!

ማክሰኞ ዕለት የልጄ የሳሮን አስተማሪ አስጠራችኝ። ማዳም የአገሩ ተወላጅ ናት፤ የምትናገረው ፈረንሳይኛና ሶማልኛ ነው፣ እኔ ደግሞ ከሁለቱም የገበያውን ያህል ብቻ ነው የያዝኩት። ታዲያ አስተርጓሚያችን ማን ሆነ? ተከሳሿ ራሷ። ዘጠኝ ዓመት ያልሞላት ልጅ መካከላችን ቆማ የገዛ ፍርዷን ታሰማኝ ጀመር።

«መደመር ጎበዝ ናት አለች። ክፍልፋይ ግን አልገባትም አለች።»

«እና?»

«ሐሙስ ሰሌዳው ጋ አቆማታለሁ፣ ያኔም ካልመለሰች...» ቀና ብላ አየችኝ። «ክፍሉን ትደግማለች አለች።»

ልታለዝበው ትችል ነበር እኮ። እኔ በምን አውቅባታለሁ? አልሸሸገችኝም። ይሄ ይበልጥ ሆዴን አባባው።

ረቡዕ ምሳ ላይ፣ ከሙቀቱ የተነሣ ግድግዳውን ሳይቀር በሚያልበው ሰዓት፣ ወጡን ሳላወጣ እንጀራ ትሪ ላይ ዘረጋሁና ቢላ አነሣሁ። እናንተ ሰዎች፣ እንጀራ በቢላ ቆርጣችሁ ታውቃላችሁ? እጄ እንቢ አለኝ። እንደምንም ለሁለት ከፈልኩት፣ አንዱን ግማሽ ደግሞ ለሁለት። ከዚያ አንዱን ሩብ ወደ እሷ፣ አንዱን ወደ እኔ ገፋሁ። የሳሮን ዓይን እንባ ሞላ።

«እማዬ፣ ተጣላን እንዴ?»

እውነቷን ነው። እኛ ቤት የሚበላው ከአንድ ትሪ ነው፤ የእኔ ድርሻ፣ ያንቺ ድርሻ የሚባል ነገር የለም። ድንበር የሚሰመረው ሰው ሲኳረፍ ነው። ለካ ልጄ ክፍልፋይ የከበዳት ሰንፋ ሳይሆን፣ ሲከፋፈሉ አይታ ስለማታውቅ ነው። ይህንን ለማዳም በየትኛው ፈረንሳይኛዬ ላስረዳት?

«አልተጣላንም፣ ሒሳብ ነው» አልኩና ሁለቱን ሩቦች መልሼ ገጠምኳቸው። «ይኸው፣ ሁለት አራተኛ ሲቀልል ግማሽ ነው።»

ገባት። የእኔም ልብ አበጠ። ያበጠ ልብ ደግሞ አርፎ አይቀመጥም፤ እርሳሷን ተቀብዬ ግማሽንና ሩብን ልደምርላት ተነሣሁ። የላዩን ከላዩ፣ የታቹን ከታቹ፤ አንድና አንድ ሁለት፣ ሁለትና አራት ስድስት። ሁለት ስድስተኛ። ሲቀልል ሲሶ! ከሥሩ በኩራት አሰመርኩበት።

ሳሮን ወረቀቱን አየች፤ ትሪውን አየች።

«እማዬ፣ ግማሹ ላይ ጨምረሽበት እንዴት ከግማሽ አነሰ?»

ሐሙስ ማለት ነገ ነው። አስተማሪዋ እኔ፣ የተሳሳትኩት እኔ፣ ክፍል የምትደግመው እሷ! ላቤ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ። እሷ ግን እኔን ትታ ቢላውን ወሰደችና ያልተቆረጠውን ግማሽ ራሷ ለሁለት ከፈለችው። ከአጠገቡ አንድ ሩብ አስጠጋች።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሩብ! ሲሶ ከሆነማ ሌላውን ማን በላው?»

ሐሙስ ክፍሉ በር ላይ ቆምኩ። ማዳም ሰሌዳው ላይ «ግማሽ ሲደመር ሩብ» ብላ ጻፈች። ሳሮን ጠመኔ ይዛ ቆመች። በመጨረሻ ሦስት አራተኛ ብላ ጻፈች። ማዳም አንድ ነገር ጠየቀቻት፤ ልጄ በጣቷ ወደ እኔ እያመለከተች መለሰች፤ ማዳም ዞራ አየችኝና ሳቀች።

ሳሮን ስትወጣ ክንዷን ያዝኩ። «ምን አለችሽ?»

«ትክክል ነው፣ አትደግሚም አለችኝ። ማን አስተማረሽ አለችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«እናቴ ተሳሳተችልኝ አልኳት።»

እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ምስጋና ይጠበቃል? አሁን ሲሶና ሩብ መደመር ጀምረዋል። ትናንት ደብተሯን ከፍታ አጠገቤ ተቀመጠችና እርሳሱን እጄ ላይ አኖረችው። «በይ እማዬ፣ መጀመሪያ አንቺ ሥሪው» ብላ እጇን አጣጥፋ ጠበቀችኝ። እኔም ሠራሁት፤ ከልቤ፣ ትክክሉን ለማግኘት እየደከምኩ። ገና ሁለተኛው መሥመር ላይ ሳልደርስ ዓይኗ ሲበራ አየሁት።