ተረኛው ኮት

በመሥሪያ ቤታችን አሠራር መሠረት፣ ኮቱ ወንበሩ ላይ ያለ ሰው በሥራ ገበታው ላይ አለ። ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ቤት ሊያሠራ ሄዶም ሊሆን ይችላል። ኮቱ እስካለ ድረስ ግን አለ። ይህ አሠራር ከምድር ቤት ጀምሮ በየፎቁ ሲሠራበት የኖረ ስለሆነ፣ ባለፈው ዓመት ወደ አየር ማረፊያው መቆጣጠሪያ ማማ መውጣቱ ብዙ አያስገርምም።

የማማው የሌሊት ፈረቃ በደንቡ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ አብራሪዎቹን በሬዲዮ ሲያነጋግር ሌላው ራዳሩን ያያል፤ የአንዱ ዓይን ሲከብድ ይቀያየራሉ። ከሁለቱ አንዱ፣ ሁሉም "ጋሼ" የሚላቸው አንጋፋ ተቆጣጣሪ፣ "ለጊዜው" ተብሎ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ተወሰዱ። የተወሰዱት የሌሊት ሠራተኞች ለምን እንደሚደክሙ እንዲያጠኑ ነው። ሲሄዱ ኮታቸውን ወንበሩ ላይ ረሱት። ማማው ላይ ወጣቷ ባልደረባቸው ብቻዋን ቀረች።

ዋና ዳይሬክተሩ ለጉብኝት ሲወጡ ችግሯን ነገረቻቸው።

"ጌታዬ፣ ሌሊቱን ብቻዬን ነኝ። አንድ ቀን ዓይኔ ተከድኖ ሰው አስጨርሳለሁ ብዬ እፈራለሁ።"

ዳይሬክተሩ ወንበሩን አዩት። "ይኼ የማን ነው?"

"የጋሼ ኮት ነው።"

"ታዲያ ምን ብቻዬን ነኝ ትያለሽ?"

ኮቱ በዚሁ ሥራ ጀመረ። እውነቱን ለመናገር፣ እንከን አይወጣለትም። አያረፍድም፤ የሕመም ፈቃድ አይጠይቅም፤ ስለ ደመወዝ አፉን አይከፍትም። በግማሽ ዓመቱ ግምገማም "ሲያዛጋ ታይቶ አይታወቅም" ተብሎ ከተቆጣጣሪዋ በልጦ ተገኘ። ላውንደሪ የገባ ሰሞን ማማው የሰው እጥረት እንዳይገጥመው የጥበቃው የዝናብ ልብስ በጊዜያዊነት ተመደበ። ልምድ ስለሌለው ግን ከራዳሩ ራቅ ብሎ እንዲሰቀል ተደረገ።

ተቆጣጣሪዋ ይህ ሁሉ ተደርጎላትም መድከሟን አልተወችም። አንድ ሌሊት አንድ አብራሪ ደጋግሞ ጠርቷት በስንት መከራ ነቃች።

"እህቴ፣ አለሽ?"

"አለሁ፣ አለሁ።"

"ተመስገን። እኛም እዚህ ላይ ተንጠልጥለን አለን።"

አውሮፕላኑ በሰላም አረፈ፤ እሷ ግን ዳግም እንዳትተኛ እስኪነጋ ቆማ አደረች። ጠዋት ራሷ ሄዳ ለአለቆቿ ተናገረች። አመራሩም ጊዜ አላባከነም፤ "ድካምን በአመለካከት ማሸነፍ" የሚል ሥልጠና አዘጋጀላት። ሥልጠናው ከሌሊት ፈረቃ እንደወጣች ቤቷ ሳትገባ የሚሰጥ ነበር። አሠልጣኙ "እንቅልፍ የጤና መሠረት ነው" ብሎ ሲጀምር እሷ መሠረቱን መጣል ጀምራ ነበር። ኮቱ የአመለካከት ችግር ስላልተገኘበት አልተጠራም።

እንዲህ እንዳለን አንድ ከሰዓት በኋላ ተቆጣጣሪዋ ቤት ስልክ ተደወለ። ዳይሬክተሩ ናቸው።

"ስለ በረራ ደህንነት ስብሰባ አለብኝ፤ የምሄደው በዛሬው የሌሊት በረራ ነው። ተረኛው ማን ነው?"

"እኔና ኮቱ ነን ጌታዬ።"



"ኮቱ… እንዴት ነው?"

"ደህና ነው። ትናንት ከላውንደሪ ወጥቷል።"

"ቆይ እስቲ። መልሼ እደውላለሁ።"

መልሰው አልደወሉም። ማታ ግን ጋሼ በመሥሪያ ቤቱ መኪና መጡ፤ ደረጃውን ወጥተው ኮታቸውን ለበሱና ራዳሩ ፊት ተቀመጡ። ዳይሬክተሩን የያዘው አውሮፕላን በሁለት ሰው ዓይን ታጅቦ ተነሣ፤ መብራቱም ከሰማዩ ጠፋ። "በይ አሁን ጋደም በይ፣ እኔ አለሁ" አሏት ጋሼ። በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትፈራ ዓይኗን ከደነች።

ሲነጋ ቦርሳቸውን አነሡ።

"ጋሼ፣ ማታም ይመጣሉ አይደል?"

"አይ ልጄ" አሉ መሬት መሬት እያዩ። "ዳይሬክተሩ ሲመለሱ በቀን በረራ ነው አሉኝ።"

ከዚያ ኮታቸውን አወለቁና ወንበሩ ላይ ሰቀሉት። ትከሻውን በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው፣ "አደራ" ብለውት ወረዱ።